አይወርዴ የወረደ ዕለት

ሰው በብዙ ነገር ይታወቃል። አንዱ በሀብቱ፣ አንዱ በምላሱ፣ ሌላው ቢያጣ ቢያጣ በልጆቹ ብዛት። የኛ ሰውዬ የታወቀው ግን ከፈረስ ባለመውረዱ ነው። በማዘጋጃ ቤቱ የፈረሰኛ ጥበቃ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፈረስ አሰልጥኗል፤ የመጨረሻዎቹን አሥራ አራት ዓመታት ደግሞ በዋና አሰልጣኝነት። በዚህ ሁሉ ዘመን አንዲት የማትነቃነቅ ሕግ ነበረችው፤ ፈረሱ የታዘዘውን ሳይፈጽም ከኮርቻ መውረድ የለም። ቢዘንብም የለም፣ ቢጨልምም የለም።

ቅጽል ስሙ የወጣለት ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። አንድ ግራጫ ፈረስ የግቢውን በር አልገባም ብሎ ቆመ፤ እሱም አልወርድም ብሎ ተቀመጠ። ጠዋት ነበር። ረፋድ ሆነ፣ ቀትር ሆነ፣ ሁለቱም ወይ ፍንክች። ምሳውን የሰጡት በአካፋ ነው፤ ሳህኑን አካፋው ላይ አስቀምጠው ሽቅብ ዘረጉለት፣ እሱም ኮርቻው ላይ እንደተቀመጠ ጥርግ አድርጎ በላ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ፈረሱ ራሱን ነቅነቅ አደረገና ሰተት ብሎ ገባ። ልብ በሉልኝ፣ ሰዓቱ የገብስ ሰዓት ነው፤ ገብሱ ያለው ደግሞ ከበሩ ወዲያ ነው። እሱ ግን «አሸነፍኩት!» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አይወርዴ ተባለ፤ ዛሬ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ እንኳ ትክክለኛ ስሙን ለማወቅ ፋይል ማውጣት አለባት።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ስለ ባሏ ሲነሳ መርፌዋን ከከንፈሯ ሳታወጣ ነው የምትናገረው። «ከፈረስ ብቻ መሰላችሁ? ሰውዬው አንድ ነገር ላይ አንዴ ከወጣ አበቃ። የጨው ዕቃው ከምድጃው በስተግራ ነው በስተቀኝ የሚቀመጠው ተባብለን ከተጣላን ዘጠኝ ዓመት አለፈን። እስከ ዛሬ እኔ ወደ ግራ አደርገዋለሁ፣ እሱ ወደ ቀኝ ይመልሰዋል።»

በክፍሉ ኮሪደር ላይ በመስታወት የተሸፈነ ፎቶው ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «አርአያ አሰልጣኝ» ይላል። ኮሪደሩ ወደ ጋጣው የሚወስድ መንገድ አይደለም፤ አይወርዴ ግን በየማለዳው በዚያ ዞሮ ያልፋል። መስታወቱ ላይ አቧራ ካየ ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ በክርኑ ይወለውለዋል። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረው፤ ከዚህ ዓለም የሚፈልገውም አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱ ቢሄድም ፎቶው እዚያው ይቅርለት።

ስለ ፈረስ ጠባይ ያለው እውቀት፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ በሦስት ቃል ያልቃል፤ ሰነፍ፣ ተንኮለኛ፣ እምቢተኛ። ፈረስ ጆሮውን ወደ ኋላ ካጣበቀ ተንኮለኛ ነው። ጭራውን ካወናጨፈ እምቢተኛ ነው። ካዛጋማ አለቀለት፣ ሰነፍ ነው። ምናልባት ተበሳጭቶ ቢሆንስ ብሎ የጠየቀው ሰው ቢኖር ከት ብሎ ይስቅበታል። «ፈረስ ምን አለበትና ይበሳጫል? ቤት ኪራይ የለበት፣ አማት የለችበት!»

በዚህ እውቀት የተመዘኑ አሥራ አንድ ፈረሶች ፈተና ሁለት ሁለቴ ወድቀው ከክፍሉ ወጥተዋል። በጨረታ ነው የሚወጡት፤ የሚወስዷቸውም አሸዋ ጫኞች ናቸው። አንደኛው ጥቁር ፈረስ አሁንም ከወንዙ እስከ ግንባታው አሸዋ ይጎትታል። አይወርዴ መንገድ ላይ ሲያገኘው ቆም ብሎ «ብዬህ አልነበር?» ይለው ነበር፣ ምክር ያልሰማ ዘመዱን እንዳገኘ ሰው።

እንግዲህ በዚህ ሰውዬ እጅ ነው ዳማዋ ባዝራ የወደቀችው። የአራት ዓመት ቡናማ ሴት ፈረስ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ አላት፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ነገር ቶሎ የሚገባት። ይኼን የመሰከረችው ግን አሰልጣኙ ሳይሆን መኖ የምታቀርበዋ እትዬ ድርቆሽ ናት። እትዬ ድርቆሽ ከአይወርዴ በአንድ ዓመት ትበልጣለች፤ በአፏ ደግሞ በሃያ።

የፈተናው ዋና ነገር ግቢው መሃል ያለው የጣውላ ድልድይ ነው። ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ያለ ነው፤ ሥሩ ባዶ ስለሆነ ሲረገጥ እንደ ከበሮ ይጮኻል። ፈረስ ይፈራዋል። ዳማዋም ፈርታው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን አሸተተችው፣ አንድ እግሯን ጣል አደረገች፣ ከዚያ ኮቴዋን እያንኳኳች ተሻገረች።

«ደግሚ!» አላት አይወርዴ። ደገመች። «ደግሚ!» ደገመች። ስድስተኛው ላይ ጭራዋን አወናጨፈች። ስምንተኛው ላይ ጥርሷን አፋጨች። ዘጠነኛው ላይ ድልድዩ ሥር ስትደርስ ቆመችና መሬቱን በፊት እግሯ ትቆፍረው ጀመር።

«አንተ ሰው፣ ተሻግራልሃለች እኮ!» አለች እትዬ ድርቆሽ የድርቆሽ ማንሻ መንሿን ተደግፋ።

«እንድትለምደው ነው።»

«ስትሻገር ታስደግማታለህ፣ ሳትሻገር ታስደግማታለህ። ታዲያ ልጅቷ ምን ታድርግልህ? ትብረር?»

«እትዬ፣ አንቺ ድርቆሽሽን ያዢ፣ እኔ ፈረሴን።»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቀጠለ። ከሳምንት በኋላ በመጀመሪያው ፈተና ላይ ዳማዋ ድልድዩን ገና ከሩቅ ስታየው ቆመች። ጎኗ ላይ ተረከዙን ሰጣት፣ አልሄደችም። አለንጋውን አሳያት፣ ወደ ኋላ ሄደች። ሦስቱ ፈታኞች ሦስት ሙከራ ቆጥረው «ወድቃለች» ብለው ጻፉና ወደ ቤታቸው ሄዱ። አይወርዴ ግን አልወረደም! ለባዶ ግቢ፣ ለተቆለለ ወንበርና ለዘበኛው እስኪመሽ ድረስ ሲታገላት ቆየ፤ በመጨረሻ ላቧ እየተንጠባጠበ ተሻገረች። «አሸነፍኳት!» አለ። ዘበኛው ቁልፉን ይዞ ቆሞ ነበርና «እሺ፣ አሁን ልዝጋ?» አለው።

በማግሥቱ የክፍሉ ኃላፊ አስጠራው። ኃላፊው ፈረስ የማያውቅ፣ መመሪያ የሚያውቅ ሰው ነው። ጋጣ የሚገባው በዓመት አንዴ ነው፤ ያኔም አንድ እጁ ከአፍንጫው አይነሳም። መነጽሩን አድርጎ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ እየጎተተ አነበበለት። «አንቀጽ አሥራ ሰባት። ፈተናውን ሁለት ጊዜ የወደቀ ፈረስ በጨረታ ይወገዳል። ሆኖም ጥፋቱ የአሰልጣኙ መሆኑን አሰልጣኙ በሪፖርቱ ካመነ ፈረሱ ባለበት ይቆያል፤ አሰልጣኙ ከደረጃው ዝቅ ብሎ ወደ ተለማማጅነት ይመለሳል።» ከዚያ ቀና ብሎ ሳቀ። «ይቺን ደግሞ ማን ጻፋት? ማን ያምናል ብሎ ነው?» አይወርዴም ሳቀ። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ሌላም አለ፣ ጋሼ» አለ ኃላፊው እንባውን እየጠረገ። «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሪፖርት በኮምፒውተር ነው። አሰልጣኙ በገዛ እጁ ነው የሚያስገባው። እስከዚያ ሥልጠና ይገባሉ።»

ሳቁ እዚህ ላይ ቆመ። አይወርዴ ሠልጣኝ ሊሆን!

የሥልጠናው ክፍል የድሮ የወንበር መጋዘን ነው። አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉት፤ የሚሠሩት አምስት ናቸው፤ ከአምስቱ የአንዱ ኪቦርድ «ሰ» የምትባል ፊደል የለውም። አስተማሪዋ ልጁ ልትሆን የምትችል፣ ለስለስ ያለች ወጣት ናት። መጀመሪያ ማብራትና ማጥፋት አስተማረችው፤ ይኼን በሁለት ቀን ጨረሰ። ከዚያ «ፈረሱ ዛሬ ጤነኛ ነው» ብሎ እንዲጽፍ አዘዘችው።

ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። ፊደሎቹ እንደ ቁንጫ እየዘለሉ አስቸገሩት፤ አንዱን ሲይዝ ሌላው ይጠፋል። በአንዲት ጣቱ፣ ምላሱን ከከንፈሩ ጎን አውጥቶ፣ መጨረሻ ላይ አራት ነጥቡን ሳይቀር አስገባ። ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ፤ የሚያጨበጭብ ካለ ብሎ ነው።

«በጣም ጎበዝ ጋሼ!» አለች። «በሉ አጥፉትና እንደገና።»

አጠፋው፣ እንደገና ጻፈው። «ጎበዝ! እንደገና።» ጻፈው። «ጎበዝ ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ይድገሙት።» አምስተኛው ላይ «ፈ» የት እንደነበረች ጠፋችው። ቅድም እኮ ያውቃት ነበር! ስድስተኛው ላይ ፈረሱ «ጠየነኛ» ሆነ። ልክ ከሆነ ለምን ይጠፋል? ስህተት ከሆነስ ለምን ጎበዝ ትለኛለች? ምንድነው የምትፈልገው ይቺ ልጅ? ቆሽቱ አረረ። ጥርሱን ነከሰ፣ በአፍንጫው እንፍ አለ፣ ጆሮው እስከ ሥሩ ቀላ። ሰባተኛው ላይ ስክሪኑን አፍጥጦ እያየ አንዲት ቁልፍ እንኳ አልነካም አለ።

አስተማሪዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «ጋሼ፣ አበሳጨሁዎት መሰለኝ።»

«እኔን? ኧረ በጭራሽ!»

«እግርዎ እኮ ወለሉን እየቆፈረው ነው።»

ጎንበስ ብሎ አየ። እውነቷን ነው። ቀኝ እግሩ፣ ከነቡትስ ጫማው፣ የመጋዘኑን ሲሚንቶ ወደ ኋላ ይጭራል፣ ይጭራል። ይኼን እግር ያውቀዋል። የት ነው የሚያውቀው?

«ይቅርታ ጋሼ» አለችው ቀስ ብላ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። መጀመሪያ ልክ ሲሠሩት እዚያው ላይ ማቆም ነበረብኝ። ዛሬ ይብቃን።»

ወጥቶ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ከሆዱ የመጣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ከዚያ መንጋጋው ቋ እስኪል ድረስ አዛጋ። እንቅልፍ አልነበረበትም፤ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ነው ያደረው። አዛግቶ ሲጨርስ ከንፈሩን ላሰና ደርቆ ቀረ። ሰነፍ! ስንቱን ፈረስ ነው በዚህች ማዛጋት ሰነፍ ብሎ የጻፈው? «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው ልጅቷ፣ ያውም ሳይጠይቃት፣ ያውም እንደ ዋዛ። እሱ ለአንድ ፈረስ እንኳ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ጥቁሩ ፈረስ ትዝ አለው። ጥቁሩ ፈረስ ደግሞ ሌሎቹን አስከትሎ መጣ፤ በጣቱ ቆጠራቸው፣ አሥሩ ጣት አልበቃውም። ሰው ኮሪደር ላይ ተሰቅሎ እንዲህ ያለ ነገር አይገባውም፤ ደረጃ ላይ ቁጭ ሲል ነው የሚገባው። አለቀሰ ብዬ አላጋንንም፣ ግን ለረጅም ጊዜ አልተነሳም።

በማግሥቱ ዳማዋን ወደ ድልድዩ ወሰዳት። ከሩቁ ስታየው ጆሮዋ ወደ ኋላ ተጣበቀ፣ አንገቷ እንደ እንጨት ደረቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተረከዙን ይሰጣት ነበር። አሁን ዝም ብሎ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ፣ አንዷ ጆሮዋ ወደ እሱ ዞረች። አንድ እርምጃ ጠየቃት። አንድ እርምጃ ሰጠችው። «በቃ» አላት፤ ወረደ፣ የኮርቻዋን ማጥበቂያ አላላላት፣ ይዟት ተመለሰ። መንገድ ላይ ዳማዋ አፏን እስከ መንጋጋዋ ከፍታ አዛጋች።

እትዬ ድርቆሽ እጇን ግንባሩ ላይ ልታሳርፍ መጣች። «አመመህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ደህናማ አይደለህም። ዛሬ አልጮህክም።»

እንዲህ እያለ፣ አንድ ቀን አንድ እርምጃ፣ አንድ ቀን ሁለት፤ ሲበቃት «በቃሽ» እያላት ቀጠለ። አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አጠገቧ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ስትተነፍስ ይተነፍሳል። ኃላፊው ከመስኮቱ አይቶ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ላከለት። «በሥራ ሰዓት ከፈረስ ጋር ቆመው ታይተዋል» ይላል። ጥቁሩን ፈረስም «ብዬህ አልነበር?» ማለቱን ተወ። መጀመሪያ ሰሞን መንገድ እየቀየረ ያልፈው ነበር፤ በኋላ ኪሱ ውስጥ ካሮት መያዝ ጀመረ። ካሮት አሸዋ አያቀልም፣ እሱም ያውቃል።

በሦስተኛው ሳምንት ዳማዋ ድልድዩን ተሻገረች። አንዴ። «በቃሽ፣ የኔ እመቤት» አላትና ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አልጠየቃትም። በነጋታውም አንዴ፣ ከዚያም ወዲያ አንዴ። በመካከላቸው ውል ሆነ፤ ልክ ከሠራሽ አይደገምም።

የሁለተኛው ፈተና ቀን ኃላፊው ድግስ የደገሰ ይመስል ነበር። ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ ፎቶ አንሺ ተጠርቷል፤ ከላይ አንድ ትልቅ አለቃ ይመጣሉ ተብሎ ግቢው ሁለቴ ተጠርጓል። አለቃው ግን አልደረሱም። ሰዓቱ ስላለፈ ፈታኞቹ ጀምሩ አሉ።

አይወርዴ ዳማዋን ወደ ድልድዩ አቀና። ቆመች፣ አሸተተች፣ ጆሮዋን ወደ ፊት አቆመች፣ ከዚያ ኳ ኳ ኳ እያደረገች ተሻገረች! ድንኳኑ ሥር ጭብጨባ ሆነ። እትዬ ድርቆሽ መንሿን ጥላ እልል አለች። ፈታኞቹ «አልፋለች» ብለው ጻፉ፣ ሦስቱም ፈረሙ። አይወርዴ አንገቷን እየዳበሰ «በቃሽ፣ በቃሽ» እያላት ሳለ ፎቶ አንሺው እጁን አወጣ።

«ይቅርታ፣ ካሜራው አልተከፈተም ነበር።»

«ምንም አይደል!» አለ ኃላፊው። «ጋሼ፣ አንዴ ይድገሟት።»

እምቢ ማለት ነበረበት። ሠላሳ አንድ ዓመት «እሺ ጌታዬ» ያለ አፍ ግን በአንድ ወር አይታረምም፤ አዞራት። ዳማዋ አንዴ ዘወር ብላ በአንድ ዓይኗ አየችውና ተሻገረች። ጭራዋ ግን ግራ ቀኝ ተወናጨፈ። ፎቶው ተነሳ። ልክ በዚያች ቅጽበት የአለቃው መኪና ጥሩምባዋን እየነፋች ገባች።

«ኧረ ሳያዩማ አይሆንም!» አለ ኃላፊው እየሮጠ። «ጋሼ! ለክቡርነታቸው አንዴ ብቻ!»

ዳማዋ ድልድዩ ሥር ደረሰችና ቆመች። ጆሮዋ ወደ ኋላ ተጣበቀ። ጥርሷን ስታፋጭ ድምፁ በልጓሙ ዛብ በኩል እስከ መዳፉ ደረሰው። ከዚያ ቀኝ እግሯን አንስታ መሬቱን መቆፈር ጀመረች፤ ትጭራለች፣ ትጭራለች።

ሊያስገድዳት እንደሚችል ያውቃል። ተረከዙ አለ፣ አለንጋው አለ፣ ቀኑም ገና ነው። ብትሻገር ፎቶው ኮሪደሩ ላይ ይቀራል። ብትሻገር ግን ነገ ድልድዩን ከሩቅ ስታይ ምን እንደምታስብ እሱ ከማንም በላይ ያውቃል። ፈራ። ወደ ድንኳኑ አየ፣ ወደ እግሯ አየ፣ ከዚያ ቀኝ እግሩን ከእርካቡ አወጣና ወረደ።

 አንዷ ፈታኝ አፏን በእጇ ጫነች። እሱን ከፈረስ ላይ እንዲህ ሲወርድ ያየ ሰው ከመካከላቸው አልነበረም።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ ኃላፊው።

«እየወረድኩ ነው፣ ጌታዬ።»

«አልተሻገረችም እኮ!»

«ሁለቴ ተሻግራለች። አንዴ ከሠራሽ ይበቃሻል ብያት ነው የመጣችው። ቃሌን በላሁባት።»

«ለፈረስ ነው ቃል የገባኸው?» ኃላፊው ሲናደድ «እርስዎ» ማለት ይረሳል። ፊቱ ደም መስሎ ወደ ፈታኞቹ ዞረ። «ጻፉ! አልታዘዘችም። ወድቃለች።»

«አልፋለች ብለን ፈርመናል እኮ፣ በእስክርቢቶ» አለ አንዱ ፈታኝ በፍርሃት።

«አዲስ ቅጽ አምጡ! ፈተናው የሚያልቀው እኔ አለቀ ስል ነው።»

አዲስ ቅጽ መጣ። ዳማዋ በይፋ ወደቀች። ትልቁ አለቃ በበኩላቸው ከመኪናው ሲወርዱ ስልክ ይዘው ነበር፤ ወደ ድልድዩም ወደ ፈረሷም ሳይዞሩ አውርተው ጨርሰው በመጡበት መኪና ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ አይወርዴ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ኃላፊው ንዴቱ በርዶለት ከኋላው ቆሟል፤ እንዲያውም አዝኖለታል፣ እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አይደለም። «ይስሙኝ ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው። ምክንያት የሚለው ላይ የፈረሷ እምቢተኝነት ብለው ይጻፉ። እሷ ትሄዳለች፣ ነገሩ ይረሳል። ሁለት ዓመት ነው የቀረዎት። ፎቶዎም እንዳለ ይቀራል።»

አይወርዴ ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበ። ምላሱን ከከንፈሩ ጎን አወጣ፣ ጣቱን አሾለ። «ፈ»ን ፈልጎ አገኛት። ኃላፊው ሰዓቱን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ጣራውን አየ። ግማሽ ሰዓት ሲሆን ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አነበበ።

«ፈረሷ ልክ ሠርታ ሳለ አሰልጣኙ አስደገማት። ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው።»

«ምንድነው ይኼ? አብደሃል? አጥፋውና ደግመህ ጻፍ!»

«ልክ ነው ጌታዬ» አለ አይወርዴ። «ልክ የሆነ አይደገምም።» «ላክ» የምትለዋን ቁልፍ ተጫናት።

ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡት። ቤት ሲደርስ ሚስቱ ጋዜጣውን ፈታ አየችው፣ ግድግዳ ላይ ከነበረው ካላንደር አጠገብ ሰቀለችው። ከዚያ የሥራ ኮቱን ተቀበለችና «ዋና አሰልጣኝ» የሚለውን ጨርቅ በምላጭ እየፈታች ማንሳት ጀመረች። ያንን ጨርቅ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የሰፋችው ራሷ ናት፤ አጥብቃ ሰፍታው ኖሮ ክሩ አልላቀቅ አላት።

«ከፋህ?» አለችው።

«ከፋኝ። በጣም ከፋኝ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያ ነገ ጠዋት ጋጣዋ ውስጥ ናት።»

ሚስቱ «ተለማማጅ» የሚለውን ጨርቅ ደረቱ ላይ ለካች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን እሷም እሷ ናትና ዕድሏን አታሳልፍም። «እንግዲህ መውረድ ከለመድክ አይቀር፣ የጨው ዕቃውስ ነገር?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አለ አይወርዴ።

በማግሥቱ በኮሪደሩ አልዞረም፤ በቀጥታ ወደ ጋጣው ሄደ። እትዬ ድርቆሽ በሩ ላይ አገኘችው። ማንበብ አትችልምና ደረቱ ላይ ያለውን አዲስ ጨርቅ በጣቷ ነካ አድርጋ «ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችው።

«ተለማማጅ።»

«እሱንማ እኔ ስንት ዓመቴ ካወቅኩት!» አለችና መንሿን አቀበለችው። ዳማዋ ኮቴውን ሰምታ ኖሮ አንገቷን ከጋጣው በላይ አውጥታ፣ ሁለቱንም ጆሮዋን ወደ ፊት አቁማ ትጠብቀው ነበር።